እልፍኝና አዳራሽ በወረታ

ወረታን ብዙው መንገደኛ የሚያውቃት በመኪና መስኮት ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው ሐሙሲትን ተሻግሮ፣ የጉማራን ድልድይ አልፎ ወረታ ሲደርስ ሾፌሩ ለሻይ ካልቆመለት መሬቷን አይረግጣትም። ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ወደ ወልድያ የሚሄደውም እዚሁ መገንጠያ ላይ ወደ ቀኝ ታጥፎ ጉናን ፊት ለፊቱ አድርጎ ይነጉዳል። ባሕር ዳር ያሉ ወዳጆቼ «ወረታ ላድር ነው» ስላቸው ሳቁብኝ። «እዚችው ለምትደረስ ከተማ? ሐይቁ ዳር ይህን ሁሉ ሆቴል ትተህ?» አሉኝ። እኔ ግን በወረታ ዙሪያ የተዘረጋውን የፎገራን ሜዳ በሩዝ አጨዳ ወቅት ማየት እፈልግ ነበር። ሜዳ ደግሞ ሲያልፉበት አይታይም፤ ሲመሽበትና ሲነጋበት ነው የሚታየው።

ኅዳር ነበር። አስፋልቱን ተከትለው ከበቀሉት አዳዲስ ፎቆች በአንዱ ገባሁና ያለውን ትልቁን ክፍል ጠየቅሁ። እንግዳ ተቀባይዋ መታወቂያዬን እየመዘገበች ቀና ብላ አየችኝ። «ብቻዎን ነዎት?» «ብቻዬን ነኝ።» «ስዊቱ ለብቻ ሰው ይሰፋል» አለችኝ፤ ከዚያ ጥቂት አሰብ አድርጋ «እንግዳ የሚመጣብዎ ከሆነ ግን እሱ ይሻላል» ብላ ቁልፉን ሰጠችኝ። ይህች ልጅ የሆቴል ሥራ ምን እንደሆነ ከብዙ የቱሪዝም ምሁር በላይ እንደምታውቅ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ክፍሉን ሳላፍር ወደድሁት። የላይኛው ፎቅ ላይ ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ሳሎን ይቀበላል፦ ግድግዳውን ይዞ የታጠፈ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ሶፋ፣ የመስታወት ጠረጴዛ፣ ትንሽ ፍሪጅ፣ ድርብ መጋረጃ። ኮርኒሱ ጂፕሰም ነው፤ በጠርዙ ዙሪያ የተደበቀው መብራት ሲበራ ቤቱን ሰማያዊ ያደርገዋል። ከሳሎኑ ወደ ውስጥ መኝታ ቤቱ አለ። አልጋው ሦስት ሰው አስተኝቶ ቦታ ይተርፈዋል። ነጩ አንሶላ ተወጥሯል፣ ፎጣው ተጠቅልሎ የዝይ ቅርጽ ይዟል፣ ከላይ አጎበር ተንጠልጥሏል። የወባ አገር ነውና አጎበሩ ጌጥ አይደለም። መታጠቢያ ቤቱ የቦይለር ሙቅ ውኃ አለው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሳሎኑ በረንዳ አለው፤ በረንዳውም ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጣና ያያል።

አዲስ አበባ ውስጥ በሥራ ምክንያት ከዚህ እጅግ የሚበልጡ ስዊቶች ውስጥ አድሬ አውቃለሁ። እብነ በረዱ ያንጸባርቃል፣ ቡናው በማሽን ይፈላል፣ ትራሱ እንኳ በምርጫ ነው። በእነዚያ ክፍሎች ሁሉ ግን አንድ ነገር ሳይገባኝ ኖሯል፦ ሳሎኑ ለምን አስፈለገ? ማታ ደክሞኝ ስገባ ቦርሳዬን ሶፋው ላይ ወርውሬ በቀጥታ ወደ መኝታዬ እሄዳለሁ። ጠዋት ቦርሳዬን አንስቼ እወጣለሁ። እንግዳ ቢኖረኝ እንኳ ታች ሎቢ ነው የማገኘው። የክፍሉ ግማሽ የሚከፈልበት እንጂ የሚኖርበት አይደለም።

ከወረታው በረንዳ ላይ ያየሁትን መጀመሪያ ልንገራችሁ። ከከተማዋ ቆርቆሮ ባሻገር ሜዳው ይጀምራል፤ ከጀመረ በኋላም እንቅፋት የለውም። እንደ ትሪ የተለበጠ መሬት ነው። ያልታጨደው ሩዝ ቢጫ፣ የታጨደው ገለባ ነጣ ያለ፣ በመካከል ውኃ የቋጠረው ዝቅታ ገና አረንጓዴ ነው። ክምሩ እዚህም እዚያም ቆሟል። ከሁሉም ማዶ፣ ሰማዩና ምድሩ ሊገናኙ ሲሉ፣ ቀጭን የብር መስመር ይታያል፤ ጣና ነው።

ይህ ሜዳ የተሠራው በውኃ ነው። ከጀርባዬ በምሥራቅ ያለው ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። የርብና የጉማራ ወንዞች ከእሱ ይነሡና የደጋውን አፈር ተሸክመው ይወርዳሉ። ፎገራ ሲደርሱ ቁልቁለቱ ያልቅባቸዋል፤ ውኃው ይዘገያል፣ ይንጣለላል፣ አፈሩንም እዚሁ ጥሎት ጣና ይገባል። ክረምት ክረምት ሜዳው ሐይቅ የሚመስለው ለዚህ ነው። ጥቁሩ መሬት ውኃ ይዞ ይከርማል። በረከቱ አንዳንድ ዓመት ልኩን ያልፋል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የወረደው ጎርፍ ፎገራንና ሊቦ ከምከምን አጥለቅልቆ ብዙ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል። የሜዳው ሰው ስለዚያ ክረምት ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ስለ ውኃው ስስት ሲያወራ ግን ሰምቼው አላውቅም።

የመጀመሪያው እንግዳዬ በዚያው ምሽት መጣ። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ «እዚያ አጎት አለኝ፤ ሩዝ ነጋዴ ነው፤ ደውዬለታለሁ» ብሎኝ ነበር። ከታች ስልክ ተደወለ። «እንግዳ መጥቶብዎታል፤ ይውጡ ልበላቸው?» ስትለኝ የድሮ መኳንንት ደጅ የሚጠብቅ እልፍኝ አስከልካይ የተመደበልኝ መሰለኝ። «ይውጡ» አልኋት። ሰውየው ብቻቸውን አልነበሩም። አንድ ደላላ፣ አንድ የጭነት መኪና ባለቤት፣ አንድ ነጭ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ገበሬ አብረው ገቡ። አዛውንቱ በሩ ላይ ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ ሲሉ የቀሩት ሁሉ ብድግ ብለው «ኖር!» አሉ። «በእግዜር፣ በእግዜር፤ ተቀመጡ» እያሉ ገቡ። ያ ወይን ጠጅ ሶፋ ከተገዛ ጀምሮ ለዚህች ደቂቃ ሲጠብቅ የኖረ መሰለኝ።

ነጋዴው «ገበያ ልናይ ነበር አካሄዳችን፤ እዚህ ቢሆን ቅር ይልዎታል?» አሉኝ። ቅር ሊለኝ ነው? ኪሳቸው ገብተው እፍኝ እፍኝ ሩዝ አወጡና የመስታወት ጠረጴዛው ላይ ሦስት ቦታ ዘረገፉት። አንዷን ፍሬ በጥርሳቸው ነከሷት። «ቀጭ ካለች ደርቃለች። ከመጠን በላይ ከደረቀች ደግሞ መፈልፈያው ይሰባብራታል። ስባሪ ሲበዛ ዋጋ ይወድቃል» እያሉ ለእኔ አስተማሩኝ፤ ዓይናቸው ግን ደላላው ላይ ነበር። በፎገራ እጅግ የታወቀው ዘር ኤክስ-ጅግና ይባላል። የምርምር ሰዎች ያወጧቸው እንደ እድገት፣ ሻጋና ፎገራ 1 ያሉ ዘሮችም አሉ። ወረታ ራሷ የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ናት። ሆኖም ጠረጴዛው ላይ ያለው ክርክር በምርምር ቋንቋ አልነበረም፦ የትኛው ይነጣል፣ የትኛው ሲበስል ያብጣል፣ የትኛው እንጀራ ላይ ዓይን ያወጣል ነው።

እንጀራ ላይ ስል ልብ በሉ። በፎገራ ሩዝ ከጤፍ ጋር ተፈጭቶ ይጋገራል። ጠላውም አረቄውም ከእሱ ይወጣል። ሩዝ በወጥ ሳህን ዳር የሚቀመጥ የከተማ ምግብ ነው ብሎ ላደገ እንደ እኔ ላለ ሰው ይህ ትልቅ ግኝት ነው። ደግሞም ሩዝ ለዚህ አገር ትናንት የመጣ ነው። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በሜዳው የኅብረት ሥራ እርሻዎች ላይ ዘሩት። ገበሬው መጀመሪያ በጥርጣሬ አየው፤ ከዚያ ሌላው ሰብል በውኃ ሲበሰብስ እሱ ውኃ ውስጥ ቆሞ ሲያፈራ አየ። ነገሩ ያለቀው ያኔ ነው። አሁን ሩዙ ታጭዶ ሲነሣ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል፤ መስኖ የሚደርስበት ደግሞ ሽንኩርት ያወጣል። ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ከጠዋት እስከ ማታ የሚጮኹት መፈልፈያዎች፣ ከጀርባቸው የተከመረው የሩዝ ቅርፊት፣ የተሰለፈው ኤንትሬ፣ ያደርሁበት ፎቅ ራሱ፣ ሁሉም የዚያ የገበሬ ውሳኔ ልጆች ናቸው።

አዛውንቱ ገበሬ እስካሁን አልተናገሩም። ቡና መጣ። ከሆቴሉ ሠራተኞች አንዷ ረከቦቷን ይዛ ሳሎኑ ድረስ ወጥታ፣ ምንጣፉ ላይ ላስቲክ አንጥፋ፣ በላዩ ቄጠማ ጎዝጉዛ ነው ያፈላችው። ቄጠማው ከሜዳው ረግረግ የታጨደ ነው። አቦሉ ከተጠጣ በኋላ አዛውንቱ ወደ በረንዳው በእጃቸው አመለከቱ። «እኛ ልጆች ሳለን ያ ሁሉ ሣር ነበር» አሉ። «ሜዳው የከብት ነበር። የፎገራ ላም ታውቃለህ?»

የፎገራን ላም በመጽሐፍ አውቃታለሁ፤ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር፣ ቀንዷ አጭር፣ ጠባይዋ ገር፣ ረግረግ መሬት የማያስቸግራት፣ ወተቷ ከብዙ የአገራችን ላሞች የላቀ። በባሕር ዳር አቅራቢያ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከልም ይህችኑ ዝርያ ለማቆየት ሲደክም ኖሯል። አዛውንቱ ግን የሚያውቋት በስሟ ነው። እናታቸው እንዴት አድርገው እንዳለቧት፣ ውኃው ሲሞላ እንዴት ወደ ዳገት እንደሚነዷት፣ ሲጎድል እንዴት በትኩስ ሣር ላይ እንደሚለቋት ነገሩን። ሩዝ ሲመጣ ግጦሹ ታረሰ። ላሟ ከሣር ወደ ሩዝ ገለባ ዞረች፤ ከሌላ ከብትም ተደባለቀች። «ሩዙን አልጠላም» አሉ፤ «ልጆቼን ያስተማረ እሱ ነው። ግን አንዱን ስትይዝ አንዱ ያመልጣል።» ነጋዴው ሊመልሱላቸው ከጀሉና ተዉት። ሁለቱም ትክክል እንደሆኑ በቤቱ ያለ ሁሉ ያውቃል።

በማግሥቱ ጠዋት ከእንግዳ መቀበያው አንድ ጠርሙስ ወተት ወደ ክፍሌ መጣ። የላከው ሰው ስሙን አልተናገረም፤ ማን እንደሆነ ግን አልጠፋኝም። ከሰዓት በኋላ የነጋዴው ባለቤት በአገልግል ምግብ አስይዘው ልጃቸውን ሰደዱ፤ የሩዝና የጤፍ እንጀራ በዶሮ ወጥ። ልጁ «እናቴ አፈር ስሆን ይብሉ ብላለች» ብሎ አስረክቦኝ ሄደ። በጥንቱ ሥርዓት የመንግሥት እንግዳ በየቀኑ ቀለቡ፣ ድርጎ የሚባለው፣ ካረፈበት ድረስ ይላክለት ነበር። እኔ የማንም መንግሥት እንግዳ አይደለሁም። ሳሎን ስላለኝ ብቻ ድርጎ የሚላክልኝ ሰው ሆንሁ።

ቀን ቀን ሜዳውን ዞርሁት። ሩዝ አጫጆች ጎንበስ ብለው በማጭድ እያጨዱ መስመር ይዘው ሲሄዱ፣ የቀደመው ዘፈን ሲያወጣ የኋላው ሲቀበል አየሁ። ወደ ሸሸርና ወለላ ረግረጎች ወረድሁ። የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ አንገተ ረጃጅም ወፎች በጋውን እዚህ ያሳልፋሉ፤ አክሊል የደፉት ነባሮቹም አብረዋቸው ይለቅማሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 የጣናን አካባቢ በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ሲመዘግብ እነዚህን ረግረጎችም አብሮ ማየቱ ነው። ወደ ሐይቁ ስትጠጉ ደግሞ የእንቦጩ አረንጓዴ ምንጣፍ ይገጥማችኋል። ከእ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ በጣና ላይ የታየው ይህ አረም በፎገራ ዳርቻ ዓሣ አጥማጁንም ከብት አጠጪውንም ሲያስለቅስ ኖሯል። አበባው ወይን ጠጅ ነው፤ ሲያዩት ያምራል፤ ያስቆጣልም።

በደብረ ታቦር መንገድ ገባ ብላ ደግሞ አውራምባ አለች። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት ማኅበረሰብ በዚሁ በፎገራ ወረዳ ነው። ወንዱ እንጀራ ይጋግራል፣ ሴቷ ታርሳለች፤ ሥራ በአቅም እንጂ በጾታ አይከፋፈልም። እንግዳ ሲመጣ የሚያስጎበኝ ሰው ይመደባል፤ እንግዳ መቀበል ራሱ ከሥራዎቻቸው አንዱ ነው። ከሽመና ቤታቸው ባለ ቀለም የአልጋ ልብስ ገዛሁና ማታ የስዊቱን ነጭ አንሶላ አለበስሁት። ክፍሉን ልታጸዳ የመጣችው ልጅ አይታ «አሁን ቤት መሰለ» አለችኝ።

በዚህ ሁሉ መካከል ያ የሳሎን ጥያቄዬ መልስ ያገኘው ጉዛራ ላይ ነው። ጉዛራ ከወረታ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፣ እንፍራንዝ አጠገብ፣ ኮረብታ ላይ የቆመ የድንጋይና የኖራ ቤተ መንግሥት ነው። የሚያያዘው ከአፄ ሠርፀ ድንግል ጋር ነው፤ እሳቸው የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1563 እስከ 1597 ነው። እንግዲህ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ከመቆርቆሩ በፊት የዚህ ሜዳ የመጀመሪያው ታላቅ ፎቅ ይህ ነበር ማለት ነው። ወደ ላይ ወጥቼ ቆምሁ። ከወረታው በረንዳዬ የማየው ያው ሜዳና ያው ሐይቅ፣ በሌላ ማዕዘን፣ ከእግሬ ሥር ተዘርግቷል። ንጉሥ ለመኖሪያው ይህን ኮረብታ የመረጠው ደጋው ስለከበደው ብቻ አይመስለኝም፤ ጌታ ሰው ማየት ይወዳል።

ማየት ብቻ ግን አይደለም። የአገራችን የጌታ ቤት ሥርዓት ሁለት ነገር ነበረው፦ እልፍኝና አዳራሽ። እልፍኝ ጌታው የሚያርፍበት፣ የቅርብ ሰው ብቻ የሚገባበት ነው። አዳራሽ ግብር የሚበላበት፣ አቤቱታ የሚሰማበት፣ እንግዳ የሚስተናገድበት ነው። የሰው ትልቅነት የሚለካው በአዳራሹ እንጂ በእልፍኙ አልነበረም። ማንም በምን ዓይነት አልጋ እንደሚተኛ አይጠየቅም፤ ስንት ሰው እንደሚያበላ ነው የሚጠየቀው። ተራው ገበሬም ቢሆን ጎጆው ውስጥ ለእንግዳ መደብ ነበረው። የመሸበት መንገደኛ ደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ካለ «ቤት የእግዜር ነው፤ ግባ» ይባላል። ሆቴል የሚባለው ነገር፣ እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ ላይ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል እስኪያቋቁሙ ድረስ፣ ለዚህ አገር ብዙም አላስፈለገውም ነበር።

ስዊት ማለት እንግዲህ እልፍኝና አዳራሽ ያለው ክፍል ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ የሆቴል ፈጠራ ቢሆንም አሠራሩ ከእኛው የቤት ሥርዓት ጋር ይገጥማል። በትልልቆቹ ከተሞች ግን አዳራሹን ገንብተን ሰው ነፈግነው። ጥበቃው ያስቆማል፣ አሳንሰሩ ካርድ ይጠይቃል፣ እንግዳ ከሎቢ አያልፍም፤ ቅንጦት ማለት ሰው የማይደርስበት ቦታ ማለት ሆነ። ወረታ ላይ ግን ያው ሶፋ፣ ያው የመስታወት ጠረጴዛ፣ ያው ፍሪጅ የሩዝ ዋጋ ተቆርጦበታል፣ የላም ታሪክ ተነግሮበታል፣ ቡና ተፈልቶበታል፣ ድርጎ ገብቶበታል። ከአዲስ አበባዎቹ ስዊቶች ጋር በዕቃ ቢወዳደር ይሸነፋል፤ በአገልግሎቱ ግን ሙሉ ስዊት ሆኖ ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

ይህ ክፍል ለማን እንደተሠራ በኋላ ነው የተረዳሁት። ወረታ የሦስት መንገዶች መገናኛ ናት፤ ደረቅ ወደብም አላት። ሩዝ ጫኚው፣ የዕቃ አስመጪው ወኪል፣ ለሥልጠና የሚመጣው ባለሙያ፣ ለልጁ ሠርግ ከውጭ አገር የሚመለሰው የአገሬው ተወላጅ፣ ሁሉም ሰው ሰብስቦ የሚያወራበት ቤት ይፈልጋል። ትልቁን ክፍል የሚከራዩት ለጫጉላ ብቻ አይደለም። በክፍሉ ንግድ ይጠናቀቃል፣ ሽምግልና ይቀመጣል፣ ዘመድ ይጠየቃል። እንግዳ ተቀባይዋ «እንግዳ የሚመጣብዎ ከሆነ» ያለችኝ የከተማዋን ልምድ ነው የነገረችኝ።

አንድ ቅሬታ ብቻ አለኝ፤ እሱም የፍቅር ቅሬታ ነው። አንድ ምሳ ሰዓት፣ ከመንገዱ ዳር ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ፣ ሜኑው ላይ «ሩዝ በአትክልት» አየሁና አዘዝሁ። ሲመጣ ፍሬው ረጅምና ቀጭን ነው። አስተናጋጁን «የፎገራ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «አይ ጋሼ፣ የውጭ ነው፤ የእኛው እንግዳ ፊት አይቀርብም» አለኝ፤ በትሕትና። መስኮቱ ውጭ የፎገራ ሩዝ በኩንታል ይጫናል።

ስለዚህ ለሚሄድም ለሚያስተናግድም የምለው አለኝ። መንገደኛ ሆይ፣ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ሂድ፤ ሜዳው ቢጫ ነው፣ መንገዱ ደረቅ ነው፣ ወፎቹ ገብተዋል። ሳሎን ያለውን ክፍል ያዝ፣ በረንዳው ወደ ጣና የሚያየውን ምረጥ፣ ብቻህን ብትሆንም አይሰፋብህም፤ አንድ ሰው ካወቅህ አራት ይዞ ይመጣል። ባለሆቴል ሆይ፣ የሳሎኑን ሶፋ አትቀንስ፣ ሁለተኛ ቴሌቪዥን ግን ባታስገባ ማንም አይጠይቅህም። በእሱ ፈንታ ቁርስ ላይ የፎገራን ላም ወተት አቅርብ፣ ምሳ ላይ የሩዙን እንጀራ አውጣ፣ አልጋው ላይ የአውራምባን ልብስ አንጥፍ። ሜኑህም ላይ በትልቁ ጻፈው፦ የፎገራ ሩዝ፣ የዚሁ ሜዳ፣ የዘንድሮ አጨዳ።